አይገባኝም ስል ምን ማለቴ ነበር?

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ጸጋ የሚጽፍ ሰው ወይ ሰባኪ ወይ የነገረ መለኮት ተማሪ ስለሚመስል ነው። ሁለቱንም አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ገቢና ወጪ ሳስታርቅ እውላለሁ፤ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ካልመጣልኝ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልታረቅ ብሎ ያስቸገረኝ ሂሳብ ግን የቢሮ አይደለም። ከአንድ ሰው ጋር የነበረኝ ነው።

ታሪኩ ስለማያኮራኝ በአጭሩ ልንገራችሁ። በድሮው መሥሪያ ቤቴ የዓመት መዝጊያ ሪፖርት አዘጋጀሁ። የክፍል ኃላፊያችን መስመር በመስመር አዩት፣ ፈረሙበት። ከፈረሙ በኋላ አንድ ገጽ ላይ የሰንጠረዡ መስመር ተበላሽቶ አገኘሁትና ገጹን እንደገና ጻፍኩት። ስጽፍ ሁለት አሃዝ ተገላበጠብኝ፤ 45 መሆን የነበረበት 54 ሆነ። የድሮውን ገጽ አወጣሁ፣ አዲሱን ከተትኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአሃዝ መገላበጥ ነው። ኦዲተሮቹም ብዙ አልደከሙም።

ስብሰባ ተጠራ። "ይህን ያረጋገጠው ማነው?" ተባለ። እኔ ጠረጴዛው ጥግ ነበርኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፣ አፌን ዘጋሁ። እሳቸው አንዴ ቀና ብለው አዩኝና "ፊርማው የኔ ነው" አሉ። በዚያው ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቢሮ የጎደለ ነገር ሁሉ የሳቸው ጥፋት ሆነ። እኔም ሲወራ እየሰማሁ ወረቀቴ ላይ አቀረቅር ነበር።

ከዚያ ሕይወት ቀጠለ፣ እንደሚቀጥለው። ሥራ ቀየርኩ። ሰባት ዓመት ሆነ። ከዚያ ሥራ አጣሁ። ከዓመት በላይ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ቦታ አመለከትኩ፣ ብዙም ተስፋ ሳልጥል። ተቀጠርኩ።

ገብቼ ሳየው ለካ እሳቸውም እዚያ ይሠራሉ። ፎቁ የተለየ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ እየተሸሸግኩ ቆየሁ። በሦስተኛው ወር የሰው ኃይል ክፍል ያለች ልጅ እንደ ቀልድ "ጋሼን አመስግኚ እንጂ፣ እሳቸው ባይናገሩልሽ አንቺን ማን ያውቅሻል" አለችኝ። ስለ እኔ ተጠይቀው "ጠንቃቃ ናት፣ ውሰዷት" ብለዋል። ጠንቃቃ! ይቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችብኝ።

ብድር በምድር

ያኔ ያደረግኩት ማንኛውም ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው። መክፈል ጀመርኩ።

በየበዓሉ መጀመሪያ የምደውለው ለሳቸው ሆነ። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጃቸው አካውንቲንግ ሲከብዳት ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናኋት። የቢሮ ጣጣ ሲገጥማቸው ሳይጠሩኝ ደረስኩ። ስጦታ ይዤ እሄዳለሁ፣ "ምነው ባትቸገሪ" ይላሉ፣ አስቀምጬ እወጣለሁ። ስወጣ ትንሽ ይቀለኛል፣ ሳምንት ሳይሞላ መልሶ ይከብደኛል። ያ ሁሉ ሲሆን ስለዚያች ገጽ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ማወቃቸውን አላወቅኩም ነበራ። ወይም ማወቅ አልፈለግኩም።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቋንቋችን የተመቸ ነው። ውለታ የሚል ቃል አለን፣ ውለታ መላሽ አለን፣ ውለታ ቢስ የሚል ስድብ አለን። "ብድር በምድር" እንላለን። መልካም ነገር ከተደረገልህ በኋላ ዝም ብለህ መቀመጥ አትችልም። ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ማርሴል ሞስ የተባለ ፈረንሳዊ የማኅበረሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣ ጽሑፉ የብዙ ሕዝቦችን የስጦታ ልማድ አስተያይቶ ሦስት ግዴታ አግኝቶበታል፦ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። ሦስተኛው ነው ሰውን የሚጨርሰው። ያልመለሰ ሰው ከሰጪው በታች ሆኖ ይቀራል።

አንድ ቀን እንደልማዴ ስጦታ ይዤ ስገባ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "አንቺ ልጅ፣ ሂሳብ እያወራረድሽ ነው እንዴ?" አሉኝ።

የሂሳብ ሰው ላልሆናችሁ፦ ማወራረድ ማለት ለሥራ ብለህ አስቀድመህ የወሰድከውን ገንዘብ ደረሰኝ እያቀረብክ ማጥራት ነው። ያልተወራረደ ገንዘብ ስምህ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ቀልዱ ልክ ነበር። ደረሰኝ ነበር የማቀርበው።

የዚያን ቀን ምሽት

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ንግግሬን ደረጃው ላይ አጥንቼ ነበር፣ ስገባ ጠፋብኝ።

"ጋሼ፣ ያቺን ገጽ የቀየርኳት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቁ?"

"ያኔውኑ ነዋ። ረቂቁ እኮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።"

ስለዚህ ስብሰባው ላይ ቀና ብለው ሲያዩኝ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ቆይተው "ጠንቃቃ ናት" ሲሉም ያውቁ ነበር። የምይዘው ነገር ጠፋኝ። ለምን አልኳቸው። ለምን ያኔ አልተናገሩም፣ ለምንስ አሁን ጥሩ ነገር ተናገሩልኝ?

ትንሽ አሰቡ። "እንዲያው" አሉ።

"ጋሼ ሙት፣ ይሄ ነገር አይገባኝም።"

"የቱ ነው የማይገባሽ? አልገባሽም ነው፣ ወይስ አይገባሽም?"

"ሁለቱም" አልኩ።

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉትና እስካሁን የማልረሳውን ነገር ተናገሩ። "ለኔም አልገባኝም እኮ። አንድ ዓመት ሙሉ ተናድጄብሻለሁ። ማታ ማታ ምን ብዬ እንደማዋርድሽ ሳስብ አመሽ ነበር። በኋላ ስምሽን ሲጠሩልኝ ግን አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ። ለምን ብትዪኝ ምክንያት የለኝም። ካስፈለገሽ አንቺው ፈልጊለት።"

ፈለግኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው ምክንያቱን ነው፣ ወይም ቢያንስ ቃሉን።

አንድ ግስ፣ ሦስት በር

መጀመሪያ የያዘኝ የራሴው "አይገባኝም" ነው። አማርኛ ውስጥ ሰው ቤት ይገባል። ነገር ለሰው ይገባዋል፣ ማለትም ይረዳዋል። ደግሞ ሽልማት ለሰው ይገባዋል፣ ማለትም የተገባ ነው። ቤቱ፣ ነገሩና ሽልማቱ በአንድ ግስ ነው የሚሄዱት። ስንት ዓመት ስናገረው ቆይቼ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

እንግዲህ ለአንድ ሰው የማይገባው ነገር ሲደረግለት በዚያው ቃል ነገሩ ሊገባውም አይችልም። እኔ ሁለት ዓመት የታገልኩት ይሄንን ነው ብዬ አስባለሁ። "እሺ፣ አይገባኝም፣ ግን ቢያንስ ይግባኝ" እያልኩ ነበር። ምክንያቱን ካገኘሁት ደግሞ ምክንያቱ ራሱ ዋጋ ይሆናል። "ወጣት ስለነበርኩ አዘኑልኝ" ብል ወጣትነቴ ከፈለልኝ ማለት ነው። "ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው" ብልም ያው ነው። ምክንያት በተገኘ ቁጥር ነገሩ ቀስ እያለ ወደ ደመወዝ ይጠጋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለውን የመቶ አለቃ ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ብላቴናው ታሞበት ኢየሱስን ይለምናል። ማቴዎስ ምዕራፍ 8 ላይ የሚለውን በአማርኛ አንብቡት፦ "በቤቴ ጣራ ከታች ልትገባ አይገባኝም"። ልትገባ፣ አይገባኝም። አንድ ግስ ሁለት ጊዜ፣ ጎን ለጎን። ተርጓሚዎቹ አስበውበት ይሁን ቋንቋው ራሱ ጎትቷቸው፣ እኔ ይህን ሳይ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ያው ታሪክ በሉቃስ ምዕራፍ 7 ሲነገር የበለጠ ይገርማል። እዚያ መጀመሪያ የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። "ይገባዋል" ይላሉ፤ ሕዝባችንን ይወዳል፣ ምኵራብም ሠርቶልናል። ደረሰኝ አቀረቡለት ማለት ነው! ሰውየው ራሱ ግን ወዳጆቹን ልኮ የሚያስነግረው "አይገባኝም" የሚለውን ነው። ሰዎቹ ስለ እሱ የከፈቱትን መዝገብ ራሱ ዘጋው። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅና የኔ ነገር ትዝ አለኝ።

ደመወዝና እንዲያው

ሁለተኛው ቃል የጋሼ "እንዲያው" ነው። ይህችን ቃል ስንቀልድ፣ ስናመነታ፣ የምንለው ሲጠፋን እንላታለን። ክብደት ያላት አትመስልም። ነገር ግን በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሮሜ ምዕራፍ 3 ላይ "እንዲያው በጸጋው ይጸድቃሉ" ተብላ ተጽፋለች። ያለ ዋጋ ማለቷ ነው። ማቴዎስ 10 ላይ ደግሞ "በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ" ይላል። ዛሬ በከንቱ ስንል ጥቅም የለሽ ማለታችን ነው፣ ከንቱ ድካም እንደምንለው። እዚያ ግን በነጻ ማለት ነው። የማይከፈልበትን ነገርና የማይረባውን ነገር በአንድ ቃል መጥራታችን ትንሽ ያሳፍራል። ያልተከፈለበትን እንንቃለን ማለት ነው? በሥራዬ ሳየው አዎ፤ ነጻ ሥልጠና ሲዘጋጅ ግማሹ ሰው አይመጣም።

ጸጋ ራሱ የግዕዝ ነው፣ ጸገወ ከሚለው፤ ሰጠ፣ ቸረ፣ አደለ ማለት ነው። ከሥሩ ስጦታ ነው እንጂ ሃይማኖታዊ ስሜት ወይም ሙቀት አይደለም። ወደ ዕለት ንግግራችንም ገብቷል። ወንዙና ደኑ የተፈጥሮ ጸጋ ይባላሉ። የዘፋኟ ድምፅ ጸጋዋ ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ ሀብታሙን ባለጸጋ ማለታችን ነው። ጸበልን ጠበል፣ ጸጉርን ጠጉር እንደምንል ባለጠጋም እንለዋለን። ቃሉን እንደ ቃሉ ካየነው ሀብታም ማለት የተሰጠው ሰው ነው። "ላቤን አፍስሼ ያገኘሁት ነው" የሚሉ ባለጸጎች ስማቸውን አስተውለውት አያውቁም መሰለኝ።

ለእኔ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ግን ነገሩን የለየልኝ ሮሜ ምዕራፍ 4 ነው፦ ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቈጠርለትም። ይህ የሂሳብ ቋንቋ ነው። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ የቀጣሪው ዕዳ ነው፣ ካልተከፈለ ተከፋይ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል። ጸጋ በየትኛው አርዕስት ይመዘገባል? በማቴዎስ 20 ምሳሌ ላይ እስከ ማታ ሠርተው አንድ ዲናር የተቀበሉት የወይን አትክልት ሠራተኞች፣ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡትም አንድ ዲናር ሲቀበሉ አይተው ያንጎራጎሩት የኔ ወገኖች ናቸው። የዚያ ቤት ሂሳብ ሹም ብሆን እኔም አንጎራጉር ነበር። "እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?" የሚለው የባለቤቱ መልስ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። ልዋሽ አልፈልግም።

በዚያ ዘመን የነበረው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ እንኳ ስጦታ ሲሰጥ ለሚገባው ሰው ተመርጦ ይሁን ብሎ ይመክር ነበር። ምክሩ ክፉ አይደለም፣ ማናችንም የምንሰጠው ምክር ነው። ጋሼ በዚህ ምክር ቢሄዱ ስለ እኔ ይናገሩልኝ ነበር?

ደግሞ የምንራገምበትን አስቡት። ሰው ሲበድለን "የሥራህን ይስጥህ" እንላለን። ልብ በሉ፣ ይደርስብህ ያልነው ከሥራው የበለጠ አይደለም፣ ልክ የሥራውን ነው። ፍትሕን ነው ለእርግማን የተጠቀምንበት! "የእጁን አገኘ" ስንልም ማንም ስለ ሽልማት አይመስለውም። ስናመሰግን በተቃራኒው "እግዜር ይስጥልኝ" ነው። በኔ ምትክ እሱ ይስጥልኝ፣ እኔ አልችለውም። ያቺን "ልኝ" ሳስባት ዕዳን ከራስ ላይ ማውረጃ ዘዴ ትመስለኛለች። ለጋሼ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጦታ ሳመላልስ አንዴም ከልቤ እግዜር ይስጥልኝ አላልኳቸውም። ራሴ ልሰጥ ፈልጌ ነበራ።

ግፍም አይገባም

እዚህ ላይ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ፣ ልዝለለው ብዬ ነበር።

የማይገባ ነገር ሁሉ ጸጋ አይደለም። ለሰው የማይገባው ክፉ ነገር ሲደርስበት ግፍ እንለዋለን። እሳቸው ያልሠሩትን ስህተት ተሸክመው ከወንበራቸው ሲነሡ የደረሰባቸው ግፍ ነው፣ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ሁለቱም ቃላት ከሚገባው ውጪ ያሉ ናቸው፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። እኔ የማይገባቸውን ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም የማይገባኝን ሰጡኝ። ሂሳቡ አይታረቅም፣ ምክንያቱም በሁለቱም በኩል ያለው ቁጥር ስህተት ነው።

ስለዚህ "በጸጋ መቀበል" የሚለውን አነጋገር ስሰማ አሁን ጆሮዬ ይቆማል። ቡድኑ ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበለ ይላሉ ጋዜጠኞች። ባለሥልጣኑ መነሣቱን በጸጋ ተቀበለ ይባላል። ሳይጮህ፣ ሳይራገም ማለት ነው። ይሄ ግን ግማሹ ነው። ሽንፈትን በጸጋ የሚቀበል ስንት ሰው አይቻለሁ፣ ጸጋን በጸጋ የሚቀበል ግን ብዙ አላየሁም። ሽንፈት ቢያንስ አንገትህን ደፍተህ ዝም ትላለህ። ያልለፋህበት መልካም ነገር ሲመጣ ደግሞ "አይ፣ አይሆንም፣ ምን በወጣዎት" ብለህ ትታገላለህ፣ ቦርሳህን ትከፍታለህ።

በሌላ በኩል፣ ታዲያ አርፈሽ ተቀመጪ ነው የምትሉኝ? ይሄም አልተመቸኝም። በናዚ ዘመን የነበረው ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪክ ቦንሆፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የተሰቀለው፣ "ርካሽ ጸጋ" የሚለው ነገር አለ። ንስሐ የሌለበት ይቅርታ ማለቱ ነው። እኔም ላይ ይሠራል። ጋሼ ዝም ስላሉ ብቻ ያ መዝገብ ተስተካክሏል ማለት አይደለም፣ ስማቸው እዚያ ቢሮ እንደተበላሸ ነው።

ለድሮው መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ገጹን ማን እንደቀየረው፣ ስብሰባው ላይ ማን ዝም እንዳለ፣ በስሜና በፊርማዬ። መልስ አልመጣም፣ የሚመጣም አይመስለኝም፤ ያኔ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሉም። ለጋሼ ግልባጩን ስሰጣቸው አነበቡትና "ክፍያ ነው?" አሉኝ። "አይ፣ ማስተካከያ ነው" አልኳቸው። በሙያችን ሁለቱ ይለያያሉ። በተሳሳተ ቁጥር ላይ የማስተካከያ ምዝገባ ትሠራለህ፤ ይህን ስላደረግክ ግን ለማንም ምንም አልከፈልክም፣ እውነቱን ብቻ ነው የጻፍከው። ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከረቂቁ ጋር ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ እጄ ባዶ መሆኑ አስጨነቀኝ፣ ሁለት ሱቅ ፊት ቆሜ ነበር፣ አለፍኳቸው። በሩን ራሳቸው ከፈቱት። መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው።

"ዛሬ ምንም አልያዝሽም?"

"ምንም አልያዝኩም፣ ጋሼ።"

"ግቢ" አሉኝ።

ገባሁ።